የጫፏ ቤት ድርሻ

ሰፈሩ «ሜትር» ይለዋል። እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ መለኪያውን ቀበቶው ላይ ሳያንጠለጥል ከቤት አይወጣም። ወጣት እያለ እንደ ሌላው ሁሉ ዋጋ በግምት ይናገር ነበር፤ ደንበኛውም «አበዛኸው!» እያለ ያደርቀዋል። አንድ ቀን መረረውና ቧንቧውን በባለቤቱ ፊት እየለካ በሜትር ማስከፈል ጀመረ። ጭቅጭቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ «ሜትር አያዳላም» ማለት አፉ ላይ ቀረ፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው መጣ።

የሰፈሩ የውሃ መስመር አርጅቷል። የብረት ቧንቧው ውስጡ በዝገት ስለጠበበ፣ ከዳገቱ ግርጌ አስፋልት ዳር ያሉት ቤቶች እንደ ልባቸው ሲቀዱ፣ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ውሃው እየሰለለ ይሄዳል። ጫፍ ላይ ያለችው የእህቱ ቤት ሲደርስ ጠብ ጠብ ነው፤ እሱም ከመጣ። እህቱ የሆስፒታል ልብስ ስትሰፋ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጉልበቷን እያመማትም ከታች ከቦኖው ጀሪካን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች።

ማዘጋጃ ቤቱ መስመሩን እቀይራለሁ አለ። ግማሹን ወጪ እኔ፣ ግማሹን እናንተ፤ እንዴት እንደምትካፈሉ ተስማምታችሁ ኑ፤ ካልተስማማችሁ በጀቱ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል። ሰፈርተኛው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ።

ሊቀመንበሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። «ቤት ለቤት እኩል እናዋጣ» አሉ።

ባለ ዳቦ ቤቱ ተነሣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእኔ ቤት አስፋልት ላይ ነው። ቧንቧው ዳገት ሲቧጥጥ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«የጋራ ነው እኮ፣ ልጄ!»

«እንግዲያው ዳቦውንም የጋራ እናድርገዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሳቁ በኋላ ጭቅጭቁ ባሰ። በመጨረሻ አንዲት ሴት «ባለሙያው ተቀምጦ እኛ ምን ያነታርከናል? ሜትር ይናገራ!» ብላ ጮኸች።

ተነሣ። የሁሉንም ቤት ቆጣሪ የገጠመው እሱ ነው፤ ዳቦ ቤቱ በቀን የሚፈጀውን ውሃ እህቱ በወር እንደማትጨርሰው ያውቃል። ይህን መናገር ይችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥበት አፉ ላይ የመጣለት የለመደው ነገር ነው።

«እያንዳንዱ ቤት ከአስፋልቱ እስከ በሩ ባለው ርቀት ይክፈል። ሜትር አያዳላም።»

ተጨበጨበለት። ለማይገባለት ቧንቧ የሚከፍል የለም፤ ያልከፈለ ሰው በር ላይ ደግሞ መስመሩ አይደርስም ተባለ። ሜትር ደስ ብሎት ተቀመጠ። እህቱ ከኋላ ወንበር እንዳለች ያውቃል፤ ዞር ብሎ ግን አላያትም።

ሲበተኑ ዳገቱን አብረው ተያያዙት።

«ለእኔ ስንት ይደርሰኛል?» አለችው።

«እትዬ፣ አንቺ አታስቢ። ያንቺን እኔ እችላለሁ።»

ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለምን ትችልልኛለህ? ክፍፍሉ ትክክል አይደለም እንዴ?»

«እሱማ... ያው ርቀቱ...»

«ትክክል ከሆነ እኔው እከፍላለሁ፤ ካቃተኝም ይቀርብኛል። ትክክል ካልሆነ ግን ተመለስና እዚያው ሰው ፊት ተናገር። ያን ጊዜ የሰጠኸኝን ሁሉ እቀበላለሁ።»

«አሁን ብናገር ስምምነቱ ይፈርሳል። በጀቱ ይሄዳል እኮ!»

«ተው እንግዲህ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ስምምነቱ ይፈርስ ይሆናል፤ ሐሰት አልተናገረም። ግን ራሱን ሲጠይቅ ያስፈራው እሱ አልነበረም። ያስፈራው ባጨበጨበለት ሰው ፊት ቆሞ ቃሉን ማጠፍ ነው። ከዚያም በኋላ ስብሰባ ተጠራ፤ በየስብሰባው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ልቡ ተነሣ ሲለው ነገ፣ ነገ እያለ፣ እሷም ሳትከፍል የመዋጮው ቀነ ገደብ አለፈ። ደብቆም ሊከፍልላት ሞክሮ ነበር። ደረሰኙ በስሟ ስለሆነ ሊቀመንበሩ ነገሯት፤ ገንዘቡን አስመለሰችው።

ቁፋሮው ሲጀመር ቧንቧውን እንዲቀጥል የተቀጠረው እሱ ነው። ዳገቱን ቤት በቤት እየገጠመ ወጣ። ከእህቱ አጥር በፊት ባለው ቤት ሲደርስ የቧንቧውን አፍ በክዳን ዘጋውና በመፍቻ አጠበቀው። እሷም ጀሪካኗን ይዛ በጎኑ ስታልፍ «በርታ፣ አይዞህ» አለችው፤ መንገደኛ ለሠራተኛ እንደሚለው።

ዓመት ሳይሞላ ጉልበቷ ጨርሶ እምቢ አለ። ልጇ ከሌላ ከተማ መጥታ ወሰደቻት፤ ቤቱም ለአንድ የጎማ ነጋዴ ተሸጠ። ነጋዴው ድርሻውን ሳይከራከር ከፈለ፤ ክዳኑን ፈትቶ ውሃውን ያስገባለትም ሜትር ነው። ውሃው ሲንፎለፎል ሰውየው «ወይ ግፊት! እንዲህ ያለ ቤት ተትቶ ይኬዳል?» አለ። ሜትር ዕቃውን ሰበሰበ።

ቀጥሎ ከአዲሱ መስመር ጋር የተተከለውን፣ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋውን ፓምፕ የጥገና ወጪ ለመካፈል ስብሰባ ተጠራ። ይህን ጊዜ ማንም ሳይጠራው ተነሣ። «ያኔ በርቀት ያልኩት ስሕተት ነበር። የሚከፈለው በሚቀዳው ውሃ ልክ መሆን ነበረበት። የላይኞቹን በድለናል፤ ያስበደልኩትም እኔ ነኝ።»

ባለ ዳቦ ቤቱ ሳቀ። «ሜትር አያዳላም ያልከን አንተ አይደለህ? ዛሬ ማን ነክሶህ መጣህ?»

የጎማ ነጋዴውም እጁን አወጣ። «የጫፉ ቤት እኔ ነኝ። ለእኔ ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ አሠራሩ ተመችቶኛል።»

እጅ ተቆጠረና የድሮው ጸና።

ቤቱ ገብቶ ደወለላት። «እትዬ፣ ተናገርኩ። ሰው ፊት።»

«ምኑን?»

«የክፍያውን ነገር። ትክክል አልነበረም አልኳቸው።»

ከወዲያ የልጅ ልጆቿ ይንጫጫሉ። «ደግ አደረግህ» አለች።

«ውሃ አለ እዚያ?»

«ሞልቶ! ብቻ ስከፍተው ቀስ አድርጌ ነው፤ ድምፁ እንዳይረብሻቸው። የልጅም ቢሆን የሰው ቤት ነዋ።»