የአምናው ድምፅ

ትናንት ከሰዓት ሮቢት ላይ... ከሽንኩርት ማሳችን ዳር ባዶ አይሱዙ ቆሞ አገኘሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነኝ። ደመወዝ አልበቃ ሲለኝ ከአባ ሰይድ ጋር ሽንኩርት በእኩል ተከልን። መሬቱ የእሳቸው፣ ዘርና ማዳበሪያው የእኔ።

ሽንኩርታችንን የሚገዛው የደሴ ነጋዴ በቴሌግራም ድምፅ ካልላከ አንድ ራስ ሽንኩርት አይነቀልም። ሕጉን ያወጡት ማንበብ የማይችሉት አባ ሰይድ ናቸው።

«ጥፈቱንማ ማንም ይጥፈዋል። ድምጡ ግን የሰውየው ነው።»

ያን ቀን ድምፁ መጣ... «መኪናው ተነስቷል፣ ንቀሉ!» የራሱ የነጋዴው ድምፅ ነው። የማሳውን ግማሽ ነቀልን። የመጣው ግን የማናውቀው ደላላ ነው፣ የማናውቀውን መኪና አስከትሎ። ዋጋውን በግማሽ ጣለው። የተነቀለ ሽንኩርት ፀሐይ ላይ ዘርግተን ምን ምርጫ አለን? ሸጥንለት።

ነጋዴውን ደውዬ ሳገኘው «ኧረ እኔ ዘንድሮ ገና አንድም ድምፅ አልላክሁም!» አለኝ። ለካ ቴሌግራሙ ተጠልፎ ኖሯል። የጠለፈው ሰው የምንነጋገረውን ሁሉ ሲከታተል ከርሞ፣ የአምናውን ድምፅ አውጥቶ መልሶ ላከልን።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ። «አካውንቴን አስመልሻለሁ። መኪናው እየመጣ ነው፣ የቀረውን ንቀሉ።»

ልናረጋግጥ ደወልን... ኔትወርኩ ጠፍቷል። ደግመን ደወልን... የለም።

«ወላሂ ሁለተኛ አልነቅልም!» አሉ አባ ሰይድ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩም። የቀን ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ሸኘናቸው።

ከሰዓት መኪናው መጣ። እውነተኛው። ሹፌሩ ወርዶ ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ እንዳለ ሲያይ «እና እስኪነቀል እዚህ ልደር?» ብሎን ሌላ ጭነት ፍለጋ ባዶውን ወደ ቆቦ ነዳው። ነጋዴው ከእንግዲህ መኪና የሚልክልን አይመስለኝም።

በዞብል ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የደረሰ ሽንኩርት ዝናብ ካገኘው እዚያው ይበሰብሳል። በቃ፣ ተስፋ ቆረጥኩ። ከእንግዲህ ማንን ሰምተን ነው የምንሠራው?

አባ ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲከፋኝ ሁሌም «አብሽር መምህር» የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። አሁን ተራው የእኔ መሰለኝና «አብሽሩ አባ ሰይድ፣ ያልፋል» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ... «ይችም አብሽር የአምናዋ ትሆን?»