የአሥራ ሰባተኛው ድንጋይ ምስክር

ቀያሹን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ውኃ ልክ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ፎቶ ሲሰቅል እንኳ ሦስት ጊዜ ካልለካ ምስማር አይመታም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «እኔንም ያገባኝ ለክቶ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ፣ አንዱን ግድግዳ ከሸፈኑት የመስክ ደብተሮቹ ጋር ብቻውን ይኖራል። ጣጣ ያመጡበትም እነዚያው ደብተሮች ናቸው።

በጥንቱ ውል የሁለቱ ግዛቶች ድንበር ወንዙ ነበር። ወንዙ ግን ውል አያውቅምና አንድ የጎርፍ ዘመን የሚወርድበትን አልጋ ለቅቆ ሄደ። ላይኛውና ታችኛው ግዛት «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባባሉ ኖረው፣ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት በአሮጌው የወንዝ አልጋ ላይ የድንበር ድንጋዮች እንዲቆሙ ተስማሙ። ውኃ ልክ ያኔ ገና ሥራ የጀመረ ጎረምሳ ነው። እስከ አሥራ ስድስተኛው ድንጋይ ሥራው ሰመረ። አሥራ ሰባተኛው የሚቆምበት ቦታ ግን ረግረግ ሆኖ ተገኘ፤ ድንጋዩን የጫነው መኪና እስከ ሆዱ ሰመጠ። አለቃው ሰዓቱን አየና፣ «ለጊዜው እዚያ ደረቁ ላይ አቁሙት፤ በበጋ መጥተን እናስተካክለዋለን» አለ። ድንጋዩ ከትክክለኛ ቦታው አራት መቶ ሜትር ወደ ላይኛው ግዛት ገብቶ ቆመ። ውኃ ልክ የሆነውን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። በጋው መጣ፣ ሄደ፤ አለቃው ተዛወረ፤ የተመለሰ የለም።

በስህተት ወደ ታችኛው ግዛት በዞረው ሽብልቅ መሬት ላይ አሥራ አንድ የገበሬ ቤቶችና አንድ ክሊኒክ አሉ። የላይኛው ግዛት የመስኖ ቦይ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ያበቃል። የክሊኒኩ አዋላጅ ደግሞ የውኃ ልክ ታናሽ እህት ናት፤ የሥራ ፈቃዷ የታችኛው ግዛት ነው። ማዕከላዊው መንግሥት የአንዱ ግዛት ፈቃድ በሌላውም ይሠራ ብሎ ሕግ ቢያወጣ፣ ሁለቱም «በቤታችን የምናዘው እኛ ነን» ብለው አሻፈረን አሉ። አሮጌው የድንበር ጭቅጭቅም በዚሁ ተቀሰቀሰ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የላይኛው ግዛት ጠበቃ የውኃ ልክን በር አንኳኳ። በሳምንቱ እህቱ መጣች፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ደብተሩን ልትሰጣቸው ነው አሉ።»

«ጠየቁኝ። ምን ልበል?»

«ጠፋ በላቸው። የሠላሳ አራት ዓመት ደብተር ቢጠፋ ማን ይፈርድብሃል?»

«አልጠፋማ።»

«እኔስ? ያዋለድኳቸው ልጆች ዛሬ ለመውለድ እኔ ጋ ይመጣሉ። መሬቱ ወደዚያ ከዞረ ፈቃዴ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከልጆች ጋር ፈተና ልቀመጥ?»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

በችሎቱ ቀን ደብተሩን በእጁ ይዞ ቆመ። የመኪናውን መስመጥ፣ የአለቃውን ቃል፣ አራት መቶዋን ሜትር አንድ ሳያስቀር ተናገረ። የታችኛው ግዛት ጠበቃ ተነሣ።

«ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበሩ?»

ውኃ ልክ እህቱ ከኋላ ወንበር ላይ እንዳለች ያውቃል።

«መጀመሪያ ፈራሁ፤ አለቃዬን ማሳጣት አልፈለግሁም። ቆይቶ እህቴ እዚያ ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ ግን ፍርሃት ነበር ብዬ አልዋሽም። ተመቸኝ።»

ፍርዱ በአራት ወሩ ተነበበ። ዳኛዋ ድንጋዩ በስህተት መቆሙን ተቀበሉ፤ ሁለቱም ግዛቶች ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ግብሩንም ምርጫውንም በዚያው መስመር ሲያካሂዱ ኖረዋልና መስመሩ እንዳለ ይጽና አሉ። እህቱ ሥራዋ ላይ ቀረች። እሱ ግን አልቀለለውም። ከአሥራ አንዱ ገበሬዎች አንዱ ቤቱ ድረስ መጥቶ በትሕትና ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ስህተት ነው ተብሏል አይደል?»

«ተብሏል።»

«ታዲያ ውኃው ለምን አይመጣልንም?»

ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነሣችው። ሕጉን መቀየር ባይችል መሬቱን መለካት ይችላል። በማግስቱ መሣሪያውን ጭኖ ወደ ቦዩ ጫፍ ሄደ። ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ የሚያቆምለት ሰው ሲፈልግ፣ ከችሎቱ ወዲህ ያኮረፈችው እህቱ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከክሊኒኩ ወጣች።

«አምጣው፤ በሽተኛ እስኪመጣ እይዝልሃለሁ» አለችው።

«ቀጥ አድርጊው።»

«ምስክርነትህ ያልሰበረኝን ሴትዮ፣ ዘንግ ያጎብጠኛል ብለህ ነው?»

መሬቱ ወደ ገበሬዎቹ ያዘቀዝቃል፤ አንድ ቱቦ ቢቀበር ውኃው በራሱ ይወርዳል። ውኃ ልክ ንድፉን ሠራ፤ ገበሬዎቹ ማመልከቻውን ፈረሙ፤ እህቱ ከሁሉ በፊት ፈረመች። የላይኛው ግዛት ቢሮ «መጀመሪያ ታችኛው ይጠይቀን» አለ፤ የታችኛው ደግሞ «መጀመሪያ ላይኛው ይፍቀድ»። ውኃ ልክ በየሳምንቱ ማክሰኞ ላይኛው ቢሮ፣ ሐሙስ ታችኛው ቢሮ ይሄዳል። ጸሐፊዎቹ ገና ከበር ሲያዩት ፋይሉን ማውጣት ለምደዋል።