አባቴ በአረቄ የፈተኑት ሰማያዊ

ባለፈው ሳምንት ቤት ስንቀይር ልጄ ከካርቶን ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፌን አወጣችና «ይሄን ማን ነው ያሰመረበት?» አለችኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ አንድ መስመር ከሥሩ በእርሳስ ተሰምሯል። አይቼው ቁጭ አልሁ።

ያኔ ባሕር ዳር የባዮሎጂ ተማሪ ነበርሁ። ወደ ደቅ ደሴት የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚቆሙበት የጣና ዳርቻ ጭቃ እየዛቅሁ ናፍጣ የሚበሉ ባክቴሪያዎች እፈልግ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይሰምጣል፤ የናፍጣውና የተጠበሰው ዓሣ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። መምህሬ ከምግባቸው ጋር ኢንዶል የሚባል ውሕድ እንድጨምር አዘዙኝ፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አልነገሩኝም። እስከ ዓርብ ውጤት ካላመጣሁ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም።

ረቡዕ ዕለት ባክቴሪያ ከማሳድግባቸው ትናንሽ ሳህኖች አንዱ ሰማያዊ ነጠብጣብ አወጣ። ክዳኑ ላይ የምንጽፈው በሚያፈስ እስክርቢቶ ስለነበር፣ ቀለም ገባበት ብዬ አለቀስሁና የሚቃጠል ቆሻሻ ከሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ጣልሁት። ስጥለው ነጩን ጋዎኔን ነካው።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጥፍራቸው በበዓል ቀን እንኳ ሰማያዊ ነው። ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ እጃቸውን ባያዩብኝ እል ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ያን ቀን ከሥራ ሲመለሱ ጋዎኑን በሳሙና ስፈትግ አገኙኝ።

«ምን ነካው?»

«እስክርቢቶ ነው፣ አባ።»

አረቄ አመጡ። ከእድፉ አጠገብ በእስክርቢቶ ጫር አድርገው ሁለቱም ላይ ጠብ አደረጉ። ጭረቱ ሟሟ፤ እድፉ ንቅንቅ አላለም።

«እስክርቢቶ ቢሆን አረቄው ባስለቀቀው። ይሄ እኛ ጂንስ የምናቀልምበት ነው። ከየት አመጣሽው?»

«ከጭቃ።»

«እንግዲያ ጭቃሽ ከእኛ ይበልጣል» ብለው ሳቁ።

ሐሙስ ማለዳ በርሜሉን ገልብጬ ሳህኑን አገኘሁት። መምህሬ እንዳዩት አስረዱኝ፤ የባክቴሪያው ኢንዛይም ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ኢንዶሉ ላይ ይጨምራል፣ ውሕዱም ተለውጦ የጂንስ ቀለም ይሆናል። ናፍጣውንም መብላት የሚጀምረው በዚሁ ኢንዛይም ነው አሉኝ። ተመረቅሁ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር። አባቴ አገላብጠው አዩትና «እኔ ያልሁት የቱ ጋ ነው?» አሉ። መምህራኑን፣ ማይክሮስኮፕ ያዋሰኝን የትምህርት ክፍል ሳይቀር አመስግኛለሁ፤ እሳቸውን አላነሳሁም። «እዚህ ጋ» ብዬ ጣቴ ያረፈበትን መስመር አሳየኋቸው።

ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ መስመሩን አነበበችልኝ፤ ስለ ማይክሮስኮፑ ነው የሚለው። አባቴ ማስመሪያ ይዘው፣ ቀጥ አድርገው ነው ያሰመሩበት።