የቆረቆንዳው ከሰል

በዚያ ክረምት የእህቴን ልጅ ተቅማጥ ይዞት አልለቅ አለ። ገና መዳህ አልጀመረም። አባቱን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት እህቴ እርጉዝ ስለነበረች ልጁን አላየውም፤ እሷም እናታችን ቤት ገብታለች። የመንደሩ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል። የምንጠጣው ጎርፍ የገባበትን ወንዝ ነው።

ቆቦ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪያችን አሸዋና ከሰል ውሃ እንደሚያጣሩ፣ ከሰሉንም ከእርሻ ትራፊ መሥራት እንደሚቻል ነግሮናል። ትራፊ! ቤት ገብቼ የማሽላ አገዳ ልውሰድ ብል እናቴ ክምሩ ፊት ቆመች።

"በሬው ያንቺን ደብተር ይብላ?"

እኔም አርፌ አልቀመጥ፣ ከጓዳ የተከማቸውን፣ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አወጣሁ። እሱን በሬም አይፈልገው። ጉድጓድ ውስጥ ለኩሼ አፈር መለስኩበት። ከሰል ሲሆን ሰባብሬ፣ ቂጡ በተበሳ እንስራ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ደረደርኩት። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ሆኖ ወረደ።

"ቀለም ልታጠጪን ነው? በይ ጻፊበት!" ብላ እናቴ ሳቀች።

ደጋግሜ አጠብኩት፤ ጠራ። እህቴ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አንስታ "ወላሂ፣ መስታወት ነው እኮ!" አለች። ጎረቤት እየመጣ ቀመሰ።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። ውሃው ድፍርስ ሳለ እህቴ ለልጁ አፍልታ ትሰጠው ነበር። ሲጠራላት ማፍላቱን ተወች።

"አፍዪው" አልኳት።

"ቆሻሻው የቱ ጋ ነው? አሳዪኛ።"

"አይታይም! አስተማሪው ቢጠራም አፍሉት ብሏል።"

"አስተማሪሽ ማገዶ ይላክልኝ።"

ልጁ ባሰበት። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ከምድጃው አመድ ዘግኜ የጠራው ውሃ ውስጥ ጨመርኩ።

"አብደሻል?" እጄን ያዘችኝ።

"አሁንስ ታየሽ? አፍዪው!"

"በምን?" ጮኸች። "ኩበቱ ርሷል፣ እንጨት የለ። የክረምት ማገዶዬን እኮ ከሰል አድርገሽ አሸዋ ውስጥ ቀበርሽው!"

እንስራውን ገልብጬ ከሰሉን ከአሸዋው ለቀምኩ። እርጥብ ነው። እናቴ ከቤቱ ክዳን ደረቅ ሣር መዝዛ ሰጠችኝና በጭሱ እያነባን እፍ ስንል ዋልን። በመጨረሻ አመድ ያልገባበት ውሃ ፈላ። ልጁ ቀዝቀዝ ሲልለት በማንኪያ በማንኪያ ጠጣ፤ አላስመለሰውም፣ እንቅልፍ ወሰደው።

ግን የነገው በምን ይፈላል? ቆረቆንዳ ልለምን ውሃውን ቀምሳ ወደሄደች ጎረቤታችን ሄድኩ። ሴትየዋ ልጇን እንዳዘለች ከጓሮ በሚጨስ ጉድጓድ ላይ በአካፋ አፈር ታለብሳለች።

"እይልኝ፣ እንዳንቺ ሠራሁት!" አለች ፊቷ በርቶ።

"ያለሽ ማገዶ ይኸው ብቻ ነው?"

"ሙልጭ አድርጌ ነው የጨመርኩት!"

ገና ያልነደደው ቆረቆንዳ እንዲተርፍላት አካፋውን ከእጇ ነጥቄ አፈሩን መዛቅ ጀመርኩ።