እሳቱ አባቴ፣ ነፋሷ እናቴ

ትናንት የገላን ኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ ከአንድ ቤት የሞቀ የሰሊጥ ዘይት ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ፣ ፌስታሌን አስቀምጬ የደረጃውን ብረት ተደግፌ ቆምኩ። ወጣቷ ጎረቤቴ ስለ አዩርቬዳ፣ ስለ ህንዶች የጥንት ሕክምና፣ በስልኳ መማር ጀምራለችና እግሯን ልትቀባ ዘይት እያሞቀች ነበር። ለእሷ አዲስ ነገር ነው፤ እኔን ግን ሽታው ይዞኝ የሄደው አቃቂ፣ ከህንዳዊው የሂሳብ አስተማሪያችን ሚስት ከሚስስ ሱሺላ ጋር በአንድ ግቢ ወደኖርንበት ዘመን ነው።

አባቴ ሰይድ ከወሎ የመጣ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ እኛ ልጆቹ ከፊቱ ይልቅ የመኪናውን ክላክስ ነበር የምናውቀው። አንድ ዓመት፣ በጥቅምት ብርድ፣ ጨጓራው ጠንቶበት ሆዱን ይዞ ከመኪናው ወረደና አልጋ ያዘ። ሐኪሙ ኪኒን ሰጠው፣ እናቴ ተልባ በጠበጠችለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ዱዓ አደረገለት፤ በመጨረሻ ሚስስ ሱሺላ ሳሪዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባችና ምላሱን አስወጥታ አየች፣ የእጁን ትርታ በጣቶቿ አዳመጠች። አማርኛ የለመደችው ከገበያ ሴቶች ስለነበረ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የምትለው።

«አንቺ እሳት ነሽ» አለችው።

በእኛ ሰፈር እሳት መባል ሙገሳ ነውና አባቴ ከነሕመሙ ፈገግ አለ። ወደ እናቴ ዞራ «አንቺ ደግሞ ነፋስ» ስትል ግን የእናቴ ፊት ተለዋወጠ፤ እኔን «ውሃና አፈር» ስትለኝ ያው ጭቃ ማለቷ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ኋላ አስተማሪያችን እንዳስረዱን፣ በአገራቸው ሕክምና የሰው ሁሉ ተፈጥሮ የእነዚህ ቅልቅል ነው፤ አንዱ ሲበዛ ሰው ይታመማል፣ ፈውሱም ከአበላልና ከአዋዋል ይጀምራል። እሳት የበዛበት በርበሬና ቁጣ ይቀንስ፣ ነፋስ የበዛበት ትኩስ ሾርባና ዝንጅብል አይለየው፤ ሁሉም ግን ፀሐይ ሳትወጣ ይነሳ፣ ምላሱን ይፋቅ፣ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣ፣ ዋናውን ምግብ ቀትር ላይ ይብላ፣ ማታ ቀለል ያለ ቀምሶ እግሩን በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ በጊዜ ይተኛ።

«ከአንድ ድስት የምንበላ ሰዎች፣ ለእሱ የከለከለችውን ለእኔ የምታዘው ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» አለች እናቴ።

«ተያት፣ ታውቃለች» አላት አባቴ፤ «እሳት መሆኔን ገና ስታየኝ አይደል የለየችው?»

እናቴ እያጉረመረመችም ቢሆን ሁለት ድስት መጣድ ጀመረች። የሰፈራችን ፋብሪካ ጡሩምባ ለምሳ ሲነፋ ከትምህርት ቤት ሮጠን ስንገባ አባቴ እጁን ታጥቦ ይጠብቀናል፤ በመጀመሪያው ቀን ያንን ቀይነት የሌለው ወጥ እያጎረሰኝ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝና፣ ስነግረው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ግን ከምሳ በፊት ደብተሬን ሳያይ አይበላም ነበር።

በጋው ሳያልቅ ዳነ። እናቴ ተልባዬ ነው አለች፣ ዘመዶቻችን ዱዓችን ነው አሉ፣ ሐኪሙም ኪኒኑን አመሰገነ። ወደ አሰብ በሚመለስበት ማለዳ ሚስስ ሱሺላ በር ላይ ቆማ «አሁን ደህና ነሽ፣ ሂጂ!» አለችው፤ ግቢው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴ እልል አለች፣ እኔ ግን ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ጠፍቶኝ መኪናው ድልድዩን እስኪሻገር ቆሜ አየሁት።

ህንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ አገራቸው ገቡ። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ጤነኛ ሆኖ ኖረ፤ መንገድ ላይ። ያዳነው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ አባቴ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ምሳ የበላው ታሞ በነበረ ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው፤ ለጤናው ላመስግን ወይስ ለሕመሙ፣ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ግራ እንደገባኝ አለሁ።