ከጉጉቶቹ በታች ያለፈ ሠርግ

በከተማችን በኪኪንዳ ዣርኮን የማያውቅ ሰው የለም። ዕድሜውን የፈጀው በማዘጋጃ ቤት ዘበኝነት ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ላይ አንገቱን አንጋጦ ይቆማል። እኛ የሰሜኑ አገር፣ የባናት ሰዎች ስንናገር ቃል እንጎትታለን፣ ሰላምታችን ሳያልቅ ሾርባው ይቀዘቅዛል እያሉ ይቀልዱብናል። ዣርኮ ከእኛም ይብሳል፤ እሱ አፉን ሲከፍት ጎረቤት ወንበር ይፈልጋል።

የሚያንጋጥጠው ጉጉቶቹን ሊያይ ነው። ብርድ ሲገባ ከየሜዳው መጥተው በአደባባያችን ዛፎች ላይ ይሰፍራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። እዚሁ ተወልጄ አርጅቻለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ ከሥራቸው ሳልፍ ሳላስበው ድምፄ ዝቅ ይላል። ያን ሁሉ ፍጥረት ከራስ በላይ ተደርድሮ ሲያዩት ሰውነት ውርር ያደርጋል።

የገና ጾም ሊገባ ሲል የዣርኮ አንድያ ልጅ ኔቬና ከደቡብ፣ ከቭራኜ ከተማ የመጣ ልጅ አገባች። ደቡቦቹ መለከትና ከበሮ ጭነው በአውቶቡስ መጡ። ሙሽሮቹ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ሲወጡ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር፣ በመለከት ሊሄዱ ነው። መንገዱ በዛፎቹ ሥር ነው። ነፊዎቹ ጉንጫቸውን ሲወጥሩ ዣርኮ ደረጃው ላይ እጁን አነሳ።

«ወዳጄ፣» አለው የሙሽራውን አባት ትራይኮን፣ «ዛፎቹን እስክናልፍ… መለከቱ… ይቆይልን።»

«ለምን ሲባል? ልጄን እየዳርኩ እኮ ነው፣ ቀብር ልሸኝ አልመጣሁም።»

«የተኙ አሉ።»

«እነማን ናቸው በእኩለ ቀን የሚተኙት?»

ዣርኮ ወደ ላይ አመለከተው። ትራይኮ ቢያይ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ወዲያው አንዷ ብርቱካን የመሰለ ዓይኗን ገለጠች። ከጎኗ ሌላዋ፣ ከዚያም በላይ ሌላዋ፤ ዛፉ በሙሉ ቁልቁል አየው። ሰውዬው ክው አለ፤ አማተበ።

«ጉጉት በሠርግ ቀን? እኛ ዘንድ ቤት ላይ ከጮኸች ሰው ጠርታ ነው የምትሄደው። ሙሽራዪቱን በጓሮ በር አውጡልኝ። አለዚያ ልጄን ይዤ አውቶቡሴ ውስጥ እገባለሁ።»

ኔቬና የባሏን ክንድ ጨበጠች። ልጁ አባቱን ያያል። ሁላችንም ዣርኮን አየነው። ሚስቱ በሞተችበት ክረምት አንዲት ጉጉት መስኮታቸው ላይ እንደከረመች አገር ያውቃል፤ ጠርታ ወሰደቻት ተብሎም ብዙ ተንሾካሹኳል። እሱ ግን ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር።

«ሚስቴን… ጠራቻት አሉ፣» አለ። «አልጠራቻትም፣ ወዳጄ። ሳስታምማት እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። ደንግጬ ስነቃ… ‹አንተ ተኛ፣ ጠባቂ አለኝ› ትለኛለች። ወደ መስኮቱ ሳይ… ያቺው ጉጉት ናት።»

ትራይኮ እንደገና ወደ ዛፉ አንጋጠጠ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ነፊዎቹ ዞሮ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ከበሮ መቺው እንዳይንኳኳበት ከበሮውን እንደ ሕፃን አቀፈው። እንዲያ ያለ ሠርግ አይቼ አላውቅም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ደቡቡም ሰሜኑም፣ በጫማው ጫፍ አለፈ። የሚሰማው የደረቀ ቅጠል ብቻ ነበር። አንዲትም ጉጉት አልበረረች። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም።

መለከቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከአደባባዩ ርቆ፣ በድግሱ አዳራሽ አስተጋባ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ ኔቬናም ተሳፍራ፣ ትራይኮ ጠፋ። ሄጄ ሳይ ባርኔጣውን ይዞ ዛፎቹ ሥር ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያልካቸው ነው?» አልኩት።

«የዣርኮን ልጅ ይዤበት መሄዴ ነው» አለኝ። «እሱን አደራ አልኳቸው።»