በጥር የጮኸ ጅራፍ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ብዙም አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አፌን ይዤ የቆምኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የልጅ ልጆቼ "ጻፊው" እያሉ ስለወተወቱኝ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ይኸው ጻፍኩት።

የምኖረው አሶሳ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። ከወሎ ስመጣ ወጣት ነበርኩ። ከአጥሬ ቀጥሎ ያለው ቤት የበርታዎቹ፣ የኡስማንና የባለቤቱ የሐዋ ነው። ኡስማን ቀርቀሃ እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሙስሊም ቢሆንም ለቡሄ የመንደሩን ልጆች የጅራፍ እጀታ የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። "ያንተ ረዘመ፣ የኔ አጠረ" የሚል ጠብ እንዳይነሳ አንዱን ከአንዱ ጋር እያስተያየ እኩል አድርጎ ይቆርጠው ነበር። በዚህ በጣም እወደው ነበር። እኔም ዳቦ ሲቆረስ ዓይኔ ከቢላው ላይ አይነሳም፤ ለአንዱ በዝቶ ለሌላው ሲጎድል ያመኛል።

ከዚያ ጥር በፊት በነበረው ነሐሴ፣ ልክ በቡሄ ዋዜማ፣ ኡስማን ሞተ። ታሞም ብዙ አልቆየ። ሐዘን ቤት አጠገብ ጅራፍ አይጮህም ብዬ ልጆቹን ሰብስቤ ከለከልኩ። አላጉረመረሙም አልልም፤ ከሐምሌ ጀምረው የገመዱት ጅራፍ ነው። ግን ዝም አሉ። ችቦው ሳይበራ፣ ሙልሙሉም ሳይታደል ቀኑ አለፈ።

ሐዋ በሃይማኖቷ ሥርዓት ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ቤቷ ተቀመጠች። አራት ወር ከዐሥር ቀኑን ጨርሳ ስትወጣ መጀመሪያ የረገጠችው ደጅ የእኔን ነው። ትከሻዋ ላይ በልጥ የታሰረ ቀርቀሃ ተሸክማለች። እግሬ ሥር አወረደችው። የጅራፍ እጀታዎች ነበሩ፤ ሁሉም እኩል። ኡስማን ከመሞቱ በፊት ቆርጦ ቆጥ ላይ ያስቀመጣቸው ናቸው።

"እማማ የሺ፣ ልጆች ለኛ ብሎ ዝም አለ" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ሐቁ እኔ ቤት ቀረ። ኡስማን የልጅ ሐቅ ይዞ እንዳይተኛ። ቡሄ አሁን ይሁን።"

ተቆጣኋት። ለሐዘን ዝም ማለት የጎረቤት ወግ ነው፣ ማንም የማንንም ሐቅ አልወሰደም፣ በዓልም የራሱ ቀን አለው አልኳት። ሐዋ ንቅንቅ አላለችም። ሟች የሰው ሐቅ ካለበት መቃብሩ እንደሚከብደው፣ እሷም ቆጡን ቀና ብላ ባየች ቁጥር እንቅልፍ እንደሚነሳት ነገረችኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ስለ እኩልነት ስሟገት የኖርኩ ሴት ነኝ። የእሷ ሚዛን ግን ከእኔ የጠበቀ ሆኖ አገኘሁት። ተሸነፍኩ።

መንደሩ ሳቀብኝ። እኩያዬ አቶ ካሳዬ "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል፤ አንቺ ገና ያልመጣውን ዝናብ ልታባርሪብን ነው?" አለኝ። "አንተ እስክትዘራ ይመለሳል" አልኩት። ቄሱን ጠየቅኳቸው። ቅዳሴው በቀኑ ተቀድሷል፣ ለልጅ ዳቦ መስጠት ግን በየትኛውም ወር አልተከለከለም አሉኝ። ችቦውን የከለከልኩት እኔው ነኝ። የጥር ሣር አንዲት ፍንጣሪ ነው የሚጠብቀው፤ ቤታችንም ሣር ክዳን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በጭቃ የለመዱት ልጆች አቧራ ላይ ተሰለፉ። ለመንደሩ ሰው ሁሉ ነግሬ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ረሳሁ። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲጮህ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጄሪካናቸውን ጥለው ሮጡ። በነሐሴ የጅራፍን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ በጥር ግን ጥይት ነው የሚመስለው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሚሊሻ መሣሪያውን ይዞ እያለከለከ ደረሰ።

"እማማ፣ ምንድነው?"

"ቡሄ ነው።"

"በጥር?"

"በጥር። ሙልሙል ትፈልጋለህ?"

ምክንያቱን ነገርኩት። ከዚያ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ለማዶዎቹ ሰላም መሆኑን በእጁ አሳይቶ፣ ከልጆቹ ኋላ ተሰለፈ።

ወደ ሐዋ ደጅ ሄድን። በቡሄ ጭፈራ የቤቱ ጌታ በስሙ ይወደሳል። ግጥም አውጪው ልጅ ስሙ ላይ ሲደርስ አፉ ተያዘ። የሞተ ሰው እንዴት ይጠራል? ሐዘኗን ልቀሰቅስባት ነው እንዴ የመጣሁት ብዬ ልጆቹን ልመልስ ዞርኩ።

ሐዋ ወደ በሩ ወጣች። "ስሙን ጥራ" አለችው። "ኡስማን በል።"

ጠራው። ልጆቹ ተቀበሉት። ጅራፉም ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። እሷ ጆሮዋን አልያዘችም፤ እንባዋ እየወረደ እልል አለች። ከዚያ አሠራሩን ከምራቴ ጠይቃ ራሷ የጋገረችውን ሙልሙል አወጣች። ቅርጹ ሙልሙል አይመስልም። ግን አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፤ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆቹ ያለ ችቦ ምን ቡሄ አለ ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። መልስ ሳልሰጣቸው የልጅ ልጄ በሆሞሻ በኩል ወዳለው ተራራ ጠቆመች። በበጋ ገበሬው የደረቀውን ሣር ያቃጥላል፤ በየዓመቱ የማየው ነው። ያን ምሽት ግን እሳቱ ተራራውን ከግርጌው እስከ ጫፉ ይዞት ነበር። ቡሄ እኮ ደብረ ታቦር ነው፤ ተራራ የበራበት ቀን። በነሐሴ እዚህ አገር ጉም እንጂ ተራራ አይታይም። ስንት ቡሄ ሳከብር ይህን አስቤው አላውቅም።

ጅራፉ ቆመ። ልጆቹም፣ ሚሊሻውም፣ አቶ ካሳዬም ቆመው ያያሉ። ሐዋ እጄን ያዘች።

"አሁን ይተኛል" አለች።

ይህን የምጽፈው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ በጊዜው መጥቷል፤ አቶ ካሳዬም ዘርቷል። ሐዋ ደጇ ላይ ተቀምጣ የጅራፍ እጀታ እያስተያየች ስትቆርጥ በአጥሩ አያታለሁ። እሳቱ ገበሬ የለኮሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም። ተራራውን ጉም ሸፍኖታል። ቢሆንም ወደዚያ በዞርኩ ቁጥር እጄ ሳላዘው ነጠላዬን ያስተካክላል።